ላልተወለደው ልጅ ያረዳሁት መርዶ

ጡረታ የወጣሁ ለት ጋቢ አለበሱኝ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ፣ «አቶ ፈንታሁን ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስተኙ ኖረዋል፤ እንግዲህ እርሳቸው የሚተኙበት ጊዜ ነው» አለ። ተሳቀ፤ ተጨበጨበ። እኔም እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ አመሰገንሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጋቢውን በንዴት አልጋ ላይ ወረወርሁት። ያን ሁሉ ዘመን አጠገባቸው ቆሜ ስሠራ ምን እንደምሠራ አላወቁም። እኔ ሰው አስተኝቼ አላውቅም።

ንዴቴ በርዶ በለሰለሰ ቃል ለመጻፍ ብዬ ጥቂት ወራት ጠበቅሁ። አልበረደም። ስለዚህ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ፣ እንደ ጋለ እጽፈዋለሁ። የሠራሁበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ከቡሬ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ብላችሁ አትድከሙ።

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነበር። በእኛ አገር፣ በእኔ ዘመን፣ ሰመመን ማለት አብዛኛውን ጊዜ ኬታሚን ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ማሽን ባይኖር፣ ኬታሚን የወሰደ ሰው መተንፈሱን አይተውም፤ ለገጠር ሐኪም ከዚህ የበለጠ ወዳጅ የለም። ግን እንቅልፍ አይደለም። ዐይን ተከፍቶ ይቀራል። ብሌኑ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። አፍ ምራቅ ይሞላል፤ ለዚያ አትሮፒን አስቀድመን እንሰጣለን። አንዳንዱ ያንጎራጉራል፣ አንዳንዱ እጁን ያነሣል። ሆዱ ሲቀደድ ግን አያውቅም። አካሉ ከፊትህ አለ፤ ሰውየው የለም። የት ሄደ? ይህን ስንት የተማረ ሰው ጠየቅሁ መሰላችሁ። «አንጎሉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይዘጋል፣ እንዲህ ያለ ነገር ይከፈታል» ይሉኛል። እኔ የጠየቅሁት ስለ በሩ አይደለም፤ በበሩ ስለ ወጣው ሰው ነው።

ያስተማረኝ ጋሽ ተሻገር ይባላል። ቡሬ ጤና ጣቢያ ጀማሪ ነርስ ሆኜ ስመደብ እርሱ አሮጌ ድሬሰር ነበር። በወደቀው መንግሥት ጦር ውስጥ ቁስለኛ ሲያክም ኖሮ፣ ጦሩ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገባ። የድሮ ወታደር ነህ ተብሎ ስንት ደጅ ካስጠኑት በኋላ፣ ሰው ስለጠፋ ብቻ ቀጠሩት። ደመወዙ ከእኔ ከጀማሪው ያንስ ነበር፤ ያም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የወለቀ ትከሻ ስንመልስ፣ እብጠት ስንከፍት፣ ኬታሚኑን የሚሰጠው እርሱ ነበር።

ጋሽ ተሻገር መርፌ ከመያዙ በፊት ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ያሞቃል። የብረት ሳህኑ ውስጥ ጨርቅ ያነጥፋል፣ መቀስ ሲጣል እንዳይጮህ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝም ያሰኛል፤ አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ራሱን «ውጣ ወይ ዝም በል» ብሎታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በሽተኛውን፣ «የት ልሸኝህ?» ይለዋል። ገበሬው «ከበሬዎቼ ጋ» ይላል፤ ነጋዴው «ነቀምቴ መንገድ ላይ» ይላል፤ አንዲት ባልቴት «ከእናቴ ጓዳ» አለች። እርሱም ስለዚያ ቦታ ቀስ ብሎ እያወራ፣ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ይገፋል። «ትሄዳለህ። የምታየው ሁሉ እውነት ይመስልሃል። ስትመለስ ደግሞ ይህኛው ሁሉ ቀጭን ይመስልሃል። አትደንግጥ፤ እስኪወፍር ጠብቅ። እኔ እጅህን ይዤ እዚሁ ነኝ» ይላል። ሲነቃም አያወራውም፤ እጁን ብቻ ይዞ ይጠብቃል።

«ጋሽ ተሻገር፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? አይሰማቸውም እኮ» ብዬው ነበር ገና ልጅ ሳለሁ።

«አንተ ገብተህ አይተሃል?» አለኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው ወደማታውቀው አገር ስትልክ ስንቅ ስጠው።»

ከዚያ ወዲያ ሰመመን ተምሬ ሆስፒታል ስገባ ይህን ልማድ ይዤ ገባሁ። ለብዙ ዓመት ማንም አልነካኝም። ኋላ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። ስብሰባ ላይ ስብሰባ ተቀመጥን። እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ተለካ፤ እኔ ከበሽተኛ ጋር የማደርገው ንግግር «እሴት የማይጨምር ተግባር» ተብሎ ተሰረዘ። ቃሉን እንዳለ ነው የጻፍሁት። ሰው ከዚህ ዓለም ነቅሎ ወደማያውቀው ለመላክ አንድ ቃል መናገር እሴት አይጨምርም ብለው ወሰኑ። የወሰኑት ሰዎች አንድም ቀን ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው አያውቁም። ግድግዳው ላይ ግን የተገልጋይ እርካታ የሚል ወረቀት ለጥፈዋል።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ዮናታን የሚባል ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። እጁ ጎበዝ ነው፤ አልዋሽም። ክፉ ሰውም አይደለም። ሲመሽ ቢራ ቤት አብረን እንቀመጥ ነበር፤ ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ሲደርስ ፍልስፍና ይጀምራል።

«ጋሽ ፈንታ፣ ይህ ሁሉ፣ ቢራው፣ ባጃጁ፣ አንተም ጭምር፣ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ጨዋታ እንዳልሆነ በምን ታረጋግጣለህ?»

«ጨዋታ ቢሆን ደመወዜን ማን ይህን ያህል ያሳንሰዋል?» እለዋለሁ። ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል።

«ቀልዱን ተወው» ይላል። «ብትቆነጥጠው ያማል ትለኛለህ። ሕመሙም የጨዋታው አካል ቢሆንስ? ሰው እውነት ነው ብሎ ቢነግርህ፣ ሰውየውም እዚያው ውስጥ ያለ ነው። ከውስጥ ሆኖ ማንም ማወቅ አይችልም። ሊቃውንት የሚሉት ይህንን ነው።» ወጣቶቹ ነርሶች አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። የጋሽ ተሻገርን ጥያቄ የሚጠይቅ ሌላ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።

ትብለጥ የመጣችው ያን ዓመት ነው። ከሩቅ ገጠር፣ በቃሬዛ፣ ምጥ ጠንቶባት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ምኒችል ከጎረቤቶቹ ጋር ተሸክሟት አድሮ እግሩ ደምቶ ነበር። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። እጇን ይዤ «የት ልሸኝሽ?» ልላት አፌን ስከፍት ዶክተር ዮናታን፣ «ጋሽ ፈንታ፣ ቶሎ በል፤ ደንቡን ታውቃለህ» አለኝ። ሳህኑ ይጮኻል፤ በሩ ላይ ሰው ይጨቃጨቃል፤ አንዷ ነርስ ስለ አበል ታወራለች። በዚያ ሁካታ መካከል ሰጠኋት። ሴት ልጅ ወጣች፤ አለቀሰች፤ ጤነኛ ነበረች። እናቲቱም ተሰፋች። ሲያበቃ ደጋግሜ «ትብለጥ፣ ትብለጥ» ብዬ ጠራኋት።

ዐይኗን ስታቀና አልጮኸችም፤ አልተወራጨችም። እንዲያው በእርጋታ፣ «አበጀ ምሳውን በላ?» አለችኝ።

ሌላ ልጅ ያላት መስሎኝ ምኒችልን ጠየቅሁት። «ኧረ ይቺ የመጀመሪያችን ናት» አለ።

ለእኔ ስትነግረኝ ዐይኗ አይንከራተትም፤ ቃሏ አይዛባም። እዚያ፣ ሰመመኑ በወሰዳት አገር፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች። አበጀ ብላዋለች። የወተት ጥርሱ ሲወልቅ አይታለች። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ቤት ወስዳዋለች። አድጎ ማረስ ጀምሮ፣ ምሳ ይዛለት ወደ ማሳው ስትሄድ ከኋላዋ አንድ ሰው ስሟን ጠራ። ዞር ስትል አልጋ ላይ ናት።

ሕፃኗን ሲያቀርቡላት አልገፋቻትም። አይታት፣ «ታምራለች። ለእናቷ ስጧት። እኔ ልጄ ማሳ ላይ እየጠበቀኝ ነው» አለች። ጡቷን አልሰጥም አለች። ለሌላ ልጅ ጡት ብሰጥ አበጀን ረሳሁት ማለት ነው አለች።

ዶክተር ዮናታን መጣ። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። «ትብለጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የቆየሽው ለጥቂት ጊዜ ነው። ዓመታት አላለፉም።»

«ይህን የሚሉኝ እዚህ ያሉት ናቸው» አለችው። «እዚያ ያሉት ቢጠየቁ ሌላ ይላሉ።»

«ይኸው እጄን ንኪኝ። እውነት ነኝ።»

«አበጀንም ነክቼዋለሁ።»

«ቁስልሽ ያምሻል አይደል? ሕልም ቢሆን ያምሽ ነበር?»

«ክንዱ የተሰበረ ለት ከዚህ የባሰ አሞኛል» አለች።

ዶክተሩ ካርዱ ላይ የአእምሮ መታወክ ብሎ ጻፈና ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት አዘዘ። ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ይዤ አስቆምሁት።

«አንተ ቢራ ቤት የምትለውን እኮ ነው ያለችህ። ቃል በቃል።»

«ጋሽ ፈንታ፣ ያ ሐሳብ ነው። ይህ በሽታ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እኔ እኮ አላምነውም» አለኝ።

ይህን መልስ እስከ መቃብሬ አልረሳውም። አያምነውም። ጨዋታ ነበር። ሰው ሌሊቱን ሙሉ በቃሬዛ ተሸክሞ ያመጣት ሴት ጥያቄውን ከነሕይወቷ ገብታበት ስትገኝ፣ እርሱ ጥያቄውን ለቢራ ማጣፈጫ ይዞት ኖሯል። እርሱ ሲለው ፍልስፍና፣ እርሷ ስትለው እብደት። ያን ለት ብመታው ኖሮ ይቆጨኝ ነበር ብዬ አላስብም።

ጉዳዩ ግን የእኔ ንዴት አልነበረም፤ ሕፃኗ ነበረች። አጠገብ አልጋ ላይ የነበረች አራስ ጥቂት ጊዜ አጠባቻትና ወደ አገሯ ወጣች። ከዚያ በኋላ የስኳር ውኃ በጥጥ ነው። ለሕፃን የሚሆን ወተት በሆስፒታሉ የለም፤ ቡሬ ሄጄ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ምኒችል የላም ወተት ለምኖ ቢያመጣላት አስመለሳት። ልቅሶዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ኋላ አፏን ብቻ መክፈት ጀመረች። ዳያዜፓሙ እናቲቱን አደነዘዛት እንጂ ልቧን አልመለሰውም። ጠበል ውሰዷት ያለም ነበር፣ ወደ ባሕር ዳር ላኳት ያለም ነበር። እስከዚያ ልጅቱ እንደማትቆይ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ትብለጥን ልጠይቃት ስገባ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቱ ነዎት የጠሩኝ» አለች። «ድምፅዎን ዐውቄዋለሁ።»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄን ማሳ ላይ ትቼ ነው የመጣሁ። ካለ መንገዱን ያሳዩኝ። ከሞተም ያርዱኝ። እንዲህ ተንጠልጥዬ ለማንም እናት አልሆንም።»

እብድ እንዲህ አይናገርም። ይህች ሴት ልጅ ሞቶባት ሐዘን የተከለከለች እናት ነበረች። በእኛ አገር ሰው ሲሞትበት ዘመድ ጎሕ ሳይቀድ ደጁ ላይ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ያረዳል፤ ሐዘንተኛው ያለቅሳል፤ ከዚያ እህል ይቀምሳል። መርዶ ያልተረዳ ሰው ከሐዘኑ አይነሣም። ለዚህች ግን ልጅሽ አልነበረም ብለው አፏን ዘጉባት።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርሁት። «የሌለ ልጅ ሞተ ብለው ሊያረዱ?» አለኝ። «በዞን ደረጃ ስማችን ሊነሣ? ቢያደርጉት ግምገማ ላይ ይቀርባሉ። ከሥራም ሊታገዱ ይችላሉ።» ልጅቱስ አልሁት። «እሱን ሙያተኞቹ ይከታተሉታል» አለ። ሙያተኛው እኔ ነበርሁ።

በሚኒባስ ተሳፍሬ ማንኩሳ ሄድሁ። ጋሽ ተሻገር አርጅቶ እዚያ ተቀምጧል። እርሱ አድርገው ይለኛል ብዬ እርግጠኛ ነበርሁ። ሁሉንም ነገርሁት።

«አይሆንም» አለኝ።

«ምነው?»

«ልጁ ሞተ ስትል ልጁ ነበረ ማለትህ ነው። እኔ በሽተኛ ዋሽቼ አላውቅም። ዛሬ ለሕልም መርዶ ካረዳህ፣ ነገ ለጥላ ተዝካር ልታወጣ ነው።»

«አለመኖሩንስ በምን ዐወቅህ? አንተ ገብተህ አይተሃል?»

ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። «አላየሁም። ያላየሁትን ነበረም አልልም፣ ሞተም አልልም።»

በእርሱም ተናደድሁ። ያቀረበልኝን ጠላ ሳልቀምስ ተነሣሁ። የማያውቁትን አለመናገር መልካም ነው፤ ሕፃን እየሞተ ግን ዝምታም ንግግር ነው። ያን ያህል ያከበርሁት ሰው ንጹሕ አፉን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፤ ስለዚህ ነገር ግን ዳግም አላነሣንም።

ስመለስ ምኒችልን ጠርቼ፣ ለትብለጥ የአበጀን መርዶ እናርዳት፣ ለቀስተኛ አምጣ አልሁት። ከመሸማቀቁ የተነሣ ዐይኔን አያይም። «ሰው ይስቅብናል» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ልጅቱን ዐየ። «ይሳቅ። ምን ላድርግ፣ ልትሞትብኝ እኮ ነው» አለና በዚያው እግሩ ወደ አገሩ ወጣ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የሰፈሯ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ደረሱ። ምን ብሎ እንዳመጣቸው አላውቅም። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ «ልጁ ምን ያህል ደርሶ ነበር?» ብላ ምኒችልን ስትጠይቀው ሰማሁ።

«ማረስ ጀምሮ ነበር» አላት። ሲላት ድምፁ ተሰበረ፤ ያን ጊዜ እርሱም ልጁን እንዳጣ ገባኝ።

ትብለጥን ደግፈን አውጥተን ከግቢው ዛፍ ሥር አስቀመጥናት። ሴቶቹን ስታይ ገባት። ሽማግሌ አልነበርሁም፤ ዘመድም አይደለሁ። ግን አንቱ ያርዱኝ ያለችው እኔን ነው።

«ትብለጥ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አበጀ አርፏል።»

«በምን ሞተ?» አለች።

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። በበሽታ ብል ውሸት ነው፤ ወደቀ ብል ውሸት ነው። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አንቺ ወዲህ ስትነቂ ነው የሞተው።»

«እንግዲያ የገደልሁት እኔ ነኛ?»

«አይደለም። ስምሽን የጠራሁ እኔ ነኝ። እኔ ባልጠራሽ ኖሮ አትዞሪም ነበር።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ደረቷን መታች። ሴቶቹ ተቀበሏት። የወተት ጥርሱን፣ ክንዱን፣ የመጀመሪያ ትልሙን እየጠራች አለቀሰች፤ እነርሱም «ወይ አበጀ» እያሉ ተከተሏት። ጥርሱን ያየው፣ ክንዱን የዳሰሰው ሰው አንድም አልነበረም፤ እንባቸው ግን እውነተኛ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ ወጣ፤ ሰውን ሁሉ ሐዘን ላይ ሲያይ እንደ ማንኛውም የጎጃም ሰው ባርኔጣውን አወለቀና ባለበት ቆመ። በኋላ ግን ለዚያችም ቅጽበት ጭምር ተበቀለኝ።

ግምገማው ላይ ኋላቀር አስተሳሰብ አስፋፍቷል ተባልሁ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነቅለው መድኃኒት መጋዘን ከተቱኝ፤ ሌላ ሰመመን ሰጪ ሲያጡ ይቅርታ ሳይጠይቁ መለሱኝ። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው ያን ለት የተነበበውን ሪፖርት ነው። «ታካሚዋ በተሰጣት ሕክምና ወደ እውነታው ዓለም ተመልሳለች» ይላል። ዶክተር ዮናታን ፈርሞበታል። እርሱ ራሱ ልቅሶው ላይ ነበር፤ ያለችውን ሰምቷል።

ልቅሶው ጋብ ሲል ቀረብ ብሎ ተንበርክኮ፣ እንደ መለማመጥ አድርጎ ጠይቋት ነበር። «ትብለጥ፣ አሁንስ እውነተኛው ዓለም ይህኛው እንደሆነ ዐወቅሽ?»

እርሷ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«እኔ ምኑን ዐውቄ?» አለችው። «ነገ ደግሞ አንድ ሰው ከኋላዬ ቢጠራኝ፣ ይቺንም ጥዬ ልነሣ ነው።»

ከዚያ ወደ ምኒችል ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አምጣት» አለችው። «እስከዚያው ርቧታል።»